የዶርካስ አክሊል

«ቤተ ክርስቲያናችሁ ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ እንግዳ ሲጠይቃት ኬዛያ ትራስሎው «የቱ ጋ ያለው?» ትል ነበር። ጠያቂው የቀለደች ይመስለዋል። እሷ ግን የቅዱስ ኦስዋልድን ወለል ሠላሳ ስምንት ዓመት የጠረገች ሴት ናትና ሕንፃው አንድ ሕንፃ እንዳልሆነ በመጥረጊያዋ ታውቀዋለች። በመሠዊያው በኩል ያለውን ግድግዳ ከባሕር ማዶ የመጡ ባላባቶች ሠሩት ይባላል። ስምንት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ዛሬም እየተፈረፈረ ያድራል፣ ጠዋት ጠዋት እሱን ትሰበስባለች። የደወሉ ማማ ከዚያ በኋላ በአንድ የሱፍ ነጋዴ ኑዛዜ የቆመ ነው። ድንጋዩ ጠንካራ ስለሆነ አቧራ አይጥልም፤ የሌሊት ወፎቹ ግን የጎደለውን ይሞሉታል። በግራ በኩል በመቃብሩ ላይ የተጋደመው በድንጋይ የተቀረጸ ፈረሰኛ አፍንጫ የለውም፤ በንጉሡና በፓርላማው ጦርነት ጊዜ ወታደሮች ሰበሩት። ከሁሉ ይልቅ ቆሻሻ የሚያቁረው እሱ ነው። «በሕይወቱም እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም» ትል ነበር ኬዛያ፣ ጆሮውን በጨርቅ እየጠራረገች።

ይህን ሁሉ የምታውቅ ሴት በደብሯ ብትኮራ ማንም አይፈርድባትም። ኬዛያ ግን አትኮራም ነበር። ዓይኗን ከወለሉ የማታነሣው ለሥራው ብላ ብቻ አልነበረም፤ ቀና ካለች የምታየው ነገር ስላለ ነው።

በሰሜኑ ግድግዳ ላይ፣ ከሰው እጅ በላይ፣ የወረቀት አክሊሎች ተሰቅለዋል። በአሽሎው መንደር ሳታገባና ወንድ ሳታውቅ ለሞተች ልጅ አክሊል ይሠራላታል። የአኻያ ቅርንጫፍ ይቆለመምና በነጭ የወረቀት አበባ ይለብሳል፣ ከሥሩ ከወረቀት የተቆረጠ ጓንት ይንጠለጠላል። ከቀብሩ በኋላ ሦስት እሁድ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ይቀመጣል። በሦስተኛው እሁድ ስብከቱ ሲያበቃ የደብሩ አገልጋይ ችንካሩን ግድግዳው ላይ ይመታና አክሊሉን የሚሰቅልበትን ረጅም እንጨት ይዞ ይቆማል። ምእመኑም አባታችን ሆይን ሦስት ጊዜ በልቡ እስኪደግም ዝም ይላል። ስለ ሟቿ የሚያውቀው ነገር ያለ ሰው አይናገርም፤ በሙት ላይ አፍ መክፈት ነውር ነው። ተነሥቶ በሰሜኑ ትንሽ በር ይወጣል፣ በቃ። ያ በር ለሌላ ጉዳይ አይከፈትም። ማንም ካልወጣ አክሊሉ ይሰቀላል፤ ከተሰቀለ ደግሞ በጊዜው ራሱ እስኪወድቅ የሰው እጅ አይነካውም። አንድ ሰው ከወጣ ይቃጠላል። በእነዚያ ሦስት አባታችን ሆይ ውስጥ የአሽሎው ሰው ሳሉን እንኳ ይውጣል።

አክሊሎቹ አሥራ አራት ናቸው። ችንካሮቹ ግን አሥራ አምስት ናቸው።

ዶርካስ ትራስሎው ለኬዛያ በሁለት ዓመት ታላቋ ነበረች። በ1829 መከር ማግስት ትኩሳት ያዛትና በዘጠኝ ቀን ሞተች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አክሊሏን የሠራችው ኬዛያ ናት። ወረቀቱን ስትቆርጥ ደጋግማ ታበላሸው ነበር፣ እናታቸውም ከሐዘን መስሏት «በርቺ ልጄ» ትላታለች። ሐዘንም ነበረ። ግን ሌላም ነበረ። በመከሩ ጊዜ ለአጨዳ ከመጡት ሰዎች አንዱ፣ ጥርሱ የሚያምር፣ ስሙን እንኳ አንድ ቀን እንዲህ አንድ ቀን እንዲያ የሚል፣ ኬዛያን አስረግዟት ሄዷል። ይህን የምታውቀው ዶርካስ ብቻ ነበረች። «ለእናታችን እኔ እነግራታለሁ። አንቺ አፍሽን አትክፈቺ፤ አንቺ ስትነግሪያት እሳት ላይ ጭድ ነው» ብላት ነበር። ሳትነግር ሞተች።

የትራስሎው ቤተሰብ መቀመጫ ከድሆቹ ጋር በሰሜን በኩል፣ ከትንሹ በር ሦስት እርምጃ ላይ ነው። በሦስተኛው እሁድ የደብሩ አገልጋይ ኦባዲያ ፊች ችንካሩን መትቶ፣ እንጨቱን ይዞ ቆመ። ቤተ ክርስቲያኑ ጸጥ አለ። ኬዛያ ሁለተኛው አባታችን ሆይ ላይ ስትደርስ ከፊቷ ከተቀመጠው እረኛ ካፖርት የበግ ስብ ሸተታት። አፏን በሻርፗ ያዘች። የመጣውን ዋጠችው። እንደገና መጣ። እዚያው ብታስመልስ ሴቶቹ ሁሉ ነገሩን ወዲያው ያውቁታል፤ ጠዋት ጠዋት ከውሃ ጉድጓዱ አጠገብ ምን እንደሚያጎነብሳት መጠየቅ ጀምረዋል። በሩ ደግሞ ቅርብ ነው። ተነሥታ ወጣች።

ከመቃብር ድንጋይ ጀርባ አስመልሳ፣ አፏን በሣር ጠርጋ ስትመለስ አክሊሉ ከቦታው ተነሥቷል።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የኬዛያ የእግር ወለምታ ከአፍም የባሰ ሆነ። የተናገረ ሰው ተሳስቼ ነው ብሎ ቃሉን ይመልሳል፤ በዚያ በር የወጣ ግን ምንም አላለምና ምኑን ይመልሳል? «አሞኝ ነው» አለች። «ምን አሞሽ?» አሏት። እዚህ ላይ ዝም አለች። እኔን ከጠየቃችሁኝ የኬዛያ ኃጢአት ይህች ዝምታ ናት እንጂ አጫጁ አይደለም። እሷም ራሷ በልቧ እንዲሁ ነበር የምትለው።

«እኅቷ ካላወቀች ማን ሊያውቅ ነው?» አለ መንደሩ። ኦባዲያ አክሊሉን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ አቃጠለው፣ ችንካሩ ግን ግድግዳው ላይ ቀረ። እናትየው ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረች። በእነዚያ ስድስት ዓመታት አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው ጨው ስትፈልግ እንኳ ተነሥታ ዞራ ታመጣለች እንጂ ኬዛያን አቀብይኝ አትላትም። ሕፃኑም አልተወለደም። በጥር ብርድ፣ ልብስ ማጠቢያው ቤት ውስጥ፣ ብቻዋን ሳለች ወረደ። ማንም ሳያውቅ መጣ፣ ማንም ሳያውቅ ሄደ። ያኔ እውነቱን ልትናገር ፈልጋ ነበር። ግን ምን ማስረጃ ይዛ? ለእኅቷ ብላ በራሷ ላይ ትዋሻለች ይሏታል፤ «አሞኝ ነው» ስትልም ለእኅቷ ብላ ነው ያሉ ነበሩ። ሁለት ሰዎች ለጋብቻ ጠይቀዋት ሁለቱንም መለሰቻቸው። እናቷ ስትሞት የቤተ ክርስቲያኑን ጠረጋ ለመነችና ሰጧት።

በ1872 ቄስ ሊድያርድ መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ልበ ቀና ሰው ናቸው፤ ሕያዋን ይበርዳቸው አይበርዳቸው ባያስተውሉም የሞተ ነገር ሁሉ ያሳዝናቸዋል። የደብሩን ታሪክ ሊጽፉ ተነሥተው መለኪያ ገመድና ቁራጭ ሻማ ይዘው በየጥጋጥጉ ይሳባሉ። ኬዛያ ወደደቻቸው። ስለ ወለሉ እሷን የጠየቀ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ለብዙ ሳምንት ከመጥረጊያዋ ኋላ እየተከተሉ ጠየቋት፣ እሷም የምታውቀውን ሁሉ ነገረቻቸው። የተደፈነው መስኮት የት እንደነበር፣ ዝናብ ሲመጣ የትኛው የመቃብር ድንጋይ እንደሚያልበው፣ ኖራው ሲላጥ ከሥሩ የተሳለው ቀይ መልአክ እግር የሚታየው የቱ ጋ እንደሆነ አሳየቻቸው።

አንድ ቀን ቀና ብለው ቆጠሩ። «ኬዛያ፣ አሥራ አራት አክሊል፣ አሥራ አምስት ችንካር። አንዱ ወድቆ ነው?»

አዎ ብላ ልትዋሽ ትችል ነበር፤ ግን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ መጥረጊያውን በጉልበቶቿ መካከል ያዘችና ሁሉንም ተናገረች። አጫጁን፣ የበግ ስቡን ሽታ፣ ልብስ ማጠቢያውን ቤት። ቄሱ እስከ ጆሯቸው ቀሉ።

«ይህን ለማን ነግረሽ ታውቂያለሽ?»

«ለማንም ጌታዬ። ሽርጤ ላይ ማስመለስ እችል ነበር። አልፈለግሁም። ይጻፉት። ዶርካስ ንጹሕ ነበረች፣ እኅቷ የወጣችው አርግዛ ስለነበረ ነው ብለው እንዳለ ይጻፉት።»

«በጣም… በጣም አዝናለሁ፣ ኬዛያ።»

«አክሊሉን አሁን ብንሠራላትስ?»

«ከተቃጠለ እንደገና አይሠራም፣ ልማዱ ነው» አሉ ቄሱ፣ ልማዱን ከመንደሩ ይልቅ እሳቸው ያከብሩት ነበርና። «ግን መጽሐፍ ከወረቀት አበባ ይልቅ ይቆያል። እኔ እጽፋለሁ።»

አመነቻቸው። ያን ክረምት ስትጠርግ አንዳንዴ ቀና ትል ነበር።

መጽሐፉ በጸደይ ታትሞ መጣ፤ ሰማያዊ ልባስ ያለው፣ ቀጭን። ኬዛያ ማንበብ አትችልም። ማንበብ የምትችለው ጎረቤቷ ታቢታ ኮል ናት፤ የጫማ ሰፊ ሚስት የነበረች፣ አሁን ባል የሞተባት፣ ምላሷ ከባሏ ወስፌ የማይተናነስ። በኬዛያ ምድጃ አጠገብ ተቀምጣ መነጽሯን ሰካችና ከመጀመሪያው ጀመረች።

«‹ከሁሉ ጥንታዊው የመሠዊያው ክፍል ነው…› ስለ ሌሊት ወፎቹ አንድም ቃል የለም። ሰውየው ዓይን የለውም እንዴ?»

«እለፊው። አክሊሎቹ ጋ ሂጂ።»

ታቢታ ገለጠች። «ይኸውና። ‹አሥራ አምስተኛው ችንካር ባዶ ነው። በ1829 ለሞተች ዶርካስ ለተባለች ልጃገረድ የተሠራው አክሊል በሦስተኛው እሁድ የገዛ እኅቷ በሰሜኑ በር በመውጣቷ ሳይሰቀል ቀርቷል። በደብራችን አክሊል መከልከሉ የሚታወቀው በዚህች ልጃገረድ ብቻ ነው።›»

«ቀጥዪ።»

«ከዚያ ወደ ጥምቀት ገንዳው ያልፋል።»

«ቀጥዪ እኮ ነው የምልሽ።»

«ኬዛያ፣ አለቀ። ሌላ የለም።» ታቢታ መነጽሯን አወለቀች። እንደ ሌሎቹ የምታውቀው ያንኑ ነበርና ምን ብላ እንደምታጽናናት ግራ ገባት። «ስምሽን እንኳ አልጠራም፣ እግዜር ይስጠው።»

ኬዛያ በማግስቱ ወደ ቄሱ ቤት ሄደች። ቄሱ ደስ ብሏቸው ብድግ አሉ።

«አነበቡልሽ?»

«ጎድሏል ጌታዬ።»

«አይዞሽ፣ አውቄ ነው የተውኩት። እንዲህ ያለ ነገር ቤተሰብ ተሰብስቦ በሚያነበው መጽሐፍ አይጻፍም። በዚህ ዕድሜሽ ሰው እንዲጠቋቆምብሽ አልፈቅድም። ምስጢርሽ እኔ ዘንድ ይቀራል።»

«እኔ ዘንድም ቀርቶ ነበር። አርባ አራት ዓመት።»

ቄሱ ይህን እንደ ምስጋና ወሰዱት መሰለኝ፤ እጇን ያዙ። ክፉ ሰው ሲበድል ይረግሙታል፤ ደግ ሰው ሲበድል ክሱ ለማን ይቀርባል? ኬዛያ እጅ ነሥታ ወጣች። የዶርካስ ነገር በፊት ወሬ ነበር፣ ሽማግሌዎቹ ሲያልቁ አብሮ ያልቅ ነበር። አሁን ታተመ። ይህ በልቶ ጨረሳት።

መጽሐፉ ተወደደ። በበጋ እንግዶች በሠረገላ እየመጡ አክሊሎቹን ቀና ብለው ያዩ ጀመር። «አቧራ አዝለዋል፣ ይቃጠሉ» ይሉ የነበሩት የአሽሎው ሴቶችም ድንገት የአክሊል ባለቤቶች ሆኑ። ሃያ ዓመት ለማንም አልተሠራም ነበር፤ አሁን እንግዲህ ሟች ብቻ ነው የጎደለው።

ኬዛያ በቀጣዩ ክረምት ደረቷን ታመመች። ሐኪሙ አይቷት፣ ሳይቀመጥ ባርኔጣውን አንሥቶ ሄደ። አንድ ቀን ታቢታ በሾርባ ፋንታ ወሬ ይዛ ገባች።

«ደስ ይበልሽ። አክሊል ሊሠሩልሽ ነው።»

«ለኔ?»

«አላገባሽ፣ አልወለድሽ። ስድሳ ሁለት ዓመት ልጃገረድ ስትሆኚ ሽልማት የለውም ብለሽ ነበር? የኦባዲያ ልጅ ሳይላስም ‹ችንካር መምታት አያስፈልገንም፣ ባዶው አለ› ብሏል።»

ኬዛያ ከትራሷ ቀና አለች። ከዚያ «ቄሱን ጥሪልኝ» አለች።

ቄስ ሊድያርድ መጥተው ከአልጋዋ አጠገብ ተቀመጡ። ትንፋሿ አጭር ስለነበር ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም።

«በሦስተኛው እሁድ በሰሜኑ በር ይውጡልኝ።»

«ኬዛያ…»

«የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። እርስዎ ከወጡ ያረገዝኩት እኔ እንደነበርኩ ይገባቸዋል። ያን ቀን ለምን እንደወጣሁም ይገባቸዋል። ዶርካስ ትድናለች።»

ቄሱ አለቀሱ። እውነተኛ እንባ ነው፤ ማስመሰል አያውቁም። «ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የእግዚአብሔርን ቤት ጠርገሽ ስምሽን በገዛ እግሬ አላጎድፍም። አልችልም።»

«የኔን ስም ማን ጠየቀዎት?»

«ማንም በዚያ በር አይወጣም። ቃል እገባልሻለሁ፣ በሰላም ተኚ።»

ኬዛያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቄሱ ጸሎት አድርገው ሲሄዱ ታቢታን ጠራቻትና እንደገና ከመጀመሪያው ተናገረች፣ ሁለት ጊዜ ለመተንፈስ እያቆመች። ታቢታ ወንበሯን ወደ አልጋው አስጠጋች።

«አርባ ዓመት ጎረቤት ሆነን አሁን ነው የምትነግሪኝ?» አለች።

«ምላስሽን አውቀዋለሁ።»

«እሱስ እውነትሽን ነው።»

«አሁን ብታወሪው ታቢታ አለች ነው የሚባለው፣ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። የሚታመነው በሩ ነው። ትወጫለሽ?»

«ጉልበቴን እያየሽው?» ታቢታ አፍንጫዋን በሽርጧ ጠረገች። «እወጣለሁ። እየዳኽኩም ቢሆን እወጣለሁ፣ አንቺ ሞኝ።»

ኬዛያ ሐሙስ ዕለት ሞተች። አክሊሏ ከአሥራ አራቱ ሁሉ ያምር ነበር፤ ሴቶቹ ወረቀቱን ከከተማ አስመጥተውታል። ሁለት እሁድ አለፉ። በሦስተኛው እሁድ ታቢታ ቀድማ ሄዳ በኬዛያ ቦታ ላይ ተቀመጠች። ስብከቱ አለቀ። ሳይላስ ፊች የአባቱን እንጨት ይዞ ከባዶው ችንካር ሥር ቆመ። ሰዉ ራሱን ዝቅ አደረገ።

ታቢታ አንዱን አባታችን ሆይ ለኬዛያ ነፍስ ብላ ጨረሰችው። ከዚያ ምርኩዟን ተደግፋ ተነሣች። አግዳሚው ሲንቋቋ ራሶች ሁሉ ቀና አሉ። ሦስት እርምጃ ነው፤ ለእሷ ስድስት ሆነባት። የበሩን የብረት ቀለበት ይዛ ሳበች። በሩ አልተንቀሳቀሰም። እንደገና ሳበች። ያኔ ከቀለበቱ በታች አዲስ ጓጉንቸር፣ ገና ዘይቱ ያልደረቀ፣ ተንጠልጥሎ አየች። ወደ ቄሱ ዞረች። ቄስ ሊድያርድ የጸሎት መጽሐፋቸውን እያዩ ነበር።

«ክፈቱ» አለች። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሰው ሲናገር ሰምቶ የሚያውቅ ማንም አልነበረም። «ክፈቱልኝ እንጂ!»

«አየር አጥሯት ነው» አለ አንድ ሰው በሹክሹክታ። ሁለት ወጣት ሴቶች ፈጥነው ተነሥተው ግራና ቀኝ ክንዷን ያዙ። «ነይ እማማ ታቢታ፣ ቀስ በይ፣ በዚህ በኩል ነው» እያሉ ሰው ሁሉ በየእሁዱ በሚገባበትና በሚወጣበት በትልቁ በደቡቡ በር አወጧት። በረንዳው ላይ ካለው የድንጋይ መቀመጫ አስቀመጧት፣ የቆቧን ማሰሪያ ፈቱላት፣ አንዷ በመዝሙር መጽሐፏ አራገበችላት።

«እኔ እኮ አላመመኝም» አለች ታቢታ።

«እናውቃለን እማማ። አይዞሽ፣ እናውቃለን።»

«አላመመኝም እያልኳችሁ!»

ሴቶቹ እጇን ደባበሱላት። ከውስጥ የሳይላስ እንጨት ግድግዳውን ሲፍቅ ተሰማ።